ዐቃቤ እስትንፋስ

ቅዳሴው አልቆ ምእመናኑ ከተበተኑ በኋላ፥ በሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባለው ከተማ፥ በአንድ ወዳጄ ቤት ቡና ተፈልቶ ሳለ፥ ከአጠገቤ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ይጨዋወቱ ነበር። አንደኛው የቤቱ ጌታ ራሱ ሲሆን፥ በሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ለ22 ዓመት የሰውን ትንፋሽ ሲጠብቅ የኖረ፥ በዚያችም ሌሊት ሲሠራ አድሮ ጎኑን ሳያሳርፍ ወደ ቤተ ክርስቲያን የመጣ ጎልማሳ ነው። ሁለተኛዪቱ የእኅቱ ልጅ ናት፤ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሁለት ዓመት ሆኗታል፥ ቀን በሆቴል ትሠራለች፥ ማታ ኮሌጅ ትማራለች። በጉልበቷ ላይ ያስቀመጠችው ወረቀት የትምህርት ክፍል መምረጫ ቅጽ ነበር፤ ሁሉም ተሞልቶ አንዲት መስመር ብቻ ባዶ ቀርታለች። ሁለቱ ስለዚያች ባዶ መስመር የተነጋገሩት ነገር፥ ሥራ ለመምረጥ በሐሳብ ለሚዋልል ወጣት ሁሉ ስንቅ ይሆናል ብዬ ስላመንሁ፥ ከልቡናዬ ሳይጠፋ እንደ ሰማሁት ጻፍሁት።

ወጣት፦ ጋሼ፥ እንቅልፍ ሳይጥልዎ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይህን ቅጽ እስከ ዓርብ ማስገባት አለብኝ። እማዬ በደወለች ቍጥር «ነርስ ሁኚ፥ ነርስ ሥራ አያጣም» ትለኛለች፤ አብረውኝ የሚማሩት ያገሬ ልጆችም አብዛኞቹ ወደዚያው ናቸው። የእኔ ልብ ግን ወደ እርስዎ ሥራ ያዘነብላል። ችግሩ፥ ሰው «የአጎትሽ ሥራ ምንድን ነው?» ሲለኝ መልስ ያጥረኛል። «ሬስፒራቶሪ ቴራፒስት ናቸው» ብል የሚያውቀው የለም፤ «ለበሽተኛ ኦክሲጅን ይሰጣሉ» ብል ደግሞ ሥራዎን ያሳነስሁት ይመስለኛል።

አጎት፦ አላሳነስሽውም፤ የተነሣበትን ነው የተናገርሽው። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ልንገርሽና፥ በ1940ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ሆስፒታሎች የዚህ ሙያ ቀዳሚዎች ከባዱን የኦክሲጅን ሲሊንደር በጋሪ እየገፉ ከአልጋ ወደ አልጋ የሚያደርሱ ሠራተኞች ነበሩ። ማዕርግ አልነበራቸውም፤ ነገር ግን ውለው የሚያድሩት ከሚያቃስተው ሰው ትንፋሽ ጋር ስለ ነበረ፥ ማን እንደ ተሻለው፥ ማን እየደከመ እንደ ሄደ፥ ኦክሲጅኑ ለማን እንደ በዛ፥ ለማንስ እንዳነሰ ከልማድ እየተማሩ ሄዱ። በ1947 በቺካጎ ከተማ ከሐኪሞች ጋር ሆነው ማኅበር አቆሙ፤ ከዚያም ትምህርቱ፥ ፈተናውና የሥራ ፈቃዱ ተራ በተራ እየተከተለ ሥራው ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። ስለዚህ «ኦክሲጅን አቀባይ ናቸው» የሚልሽ ሰው ቢኖር አትቀየሚው፤ ጋሪ ከመግፋት ተነሥቶ እዚህ የደረሰ ሙያ በመነሻው አያፍርም።

ወጣት፦ ባገራችን ቋንቋስ ምን ተብሎ ይጠራል?

አጎት፦ በሰነድ ሲጽፉት «የመተንፈሻ አካላት ሕክምና ባለሙያ» ይሉታል፤ ስሙ ትክክል ነው፥ ነገር ግን ረጅም ነው፥ ልብም አይነካም። ግእዙን ብትመረምሪ ነፋስም፥ ነፍስም፥ እስትንፋስም፥ መንፈስም ከአንድ ግንድ የበቀሉ ቅርንጫፎች ናቸው። አባቶቻችን፥ ሰው ሕያው የሆነው የሕይወት እስትንፋስ እፍ ተብሎበት ነው ብለው ስላስተማሩን፥ ትንፋሹ የተቋረጠውን ሰው «ነፍሱ ወጣች» እንላለን እንጂ «ሳንባው ቆመ» አንልም። ሐኪሙንም ዐቃቤ ሥራይ ይሉት ነበር፥ የመድኃኒት ጠባቂ ማለት ነው። እንግዲህ ለዚህ ሥራ ስም አውጣለት ብባል ዐቃቤ እስትንፋስ እለዋለሁ። ጠባቂ ማለቴን ልብ አድርጊው። እስትንፋስ የአምላክ ስጦታ ናት፤ ከአምላክም ቀጥሎ ባለቤቷ የተሰጠችው ሰው ነው። እኔ፥ ባለቤቱ ዐቅም ባነሰው ጊዜ በአደራ እረከባታለሁ፥ ዐቅም ባገኘ ጊዜ እመልስለታለሁ። በዚህ ሥራ ውስጥ ያለው ጥበብ ሁሉ፥ ብትመረምሪው፥ አደራ የመቀበልና አደራ የመመለስ ጥበብ ነው።

ወጣት፦ ነገሩ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ሌሊቱን ልይበት። ትናንት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገብተው ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወጡ። በእነዚያ አሥራ ሁለት ሰዓቶች እጅዎ ምን ሲሠራ አደረ?

አጎት፦ ጤነኛ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ በቀንና በሌሊት ቢደመር 20,000 ያህል ይሆናል፥ ከዚህም ሁሉ አንዱን እንኳ አስቦት አያውቅም። በሳንባው ውስጥ ያሉት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቈጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ተዘርግተው ቢለኩ 70 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናሉ፤ አየርና ደም የሚገናኙት በዚያ ስስ ገጽ ላይ ነው። ያ ስፍራ ሲታወክ እኔ እጠራለሁ። ወደ ክፍሉ ስገባ አስቀድሜ መሣሪያውን አላይም፥ ደረቱን አያለሁ፤ ግራና ቀኙ እኩል ይነሣ እንደ ሆነ፥ ከአንገቱ ሥር ያለችው ጎድጓዳ ስፍራ በተነፈሰ ቍጥር ወደ ውስጥ ትሰረጕድ እንደ ሆነ፥ ከንፈሩና ጥፍሩ መልኩን ለውጦ እንደ ሆነ እመለከታለሁ። ቀጥዬ ማዳመጫዬን አሳርፋለሁ፤ የአስም ሳንባ እንደ ዋሽንት ያፏጫል፥ ውኃ የቋጠረ ሳንባ ደግሞ እሳት ላይ እንደ ተበተነ ጨው ይንጣጣል። የመሣሪያውን ቍጥር የማነበው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በቬንቲሌተር፥ ማለት በማስተንፈሻ መሣሪያ፥ የሚረዳ ሰው እንደ ልቡ ማሳል ስለማይችል አክታው በቱቦው ውስጥ ይጠራቀምበታል፤ እኔም ቀጭኑን መምጠጫ አስገብቼ እጠርግለታለሁ። ሥራውን ያስለመዱኝ አንዲት አሮጊት ባልደረባዬ «መምጠጫውን ስታስገባ የራስህንም ትንፋሽ ያዝ» ብለውኝ ነበር። አሥር ሴኮንድ ነው፥ ቢበዛ አሥራ አምስት። እኔን ጭንቅ ሲለኝ፥ የታመመውን ከእኔ አስቀድሞ እንደ ጨነቀው ዐውቄ ቶሎ አወጣለሁ። ይኸው 22 ዓመት ሆነኝ፥ ለዚህ ሥራ ሰዓት ተመልክቼ አላውቅም፤ የራሴ ሳንባ ይነግረኛል።

ወጣት፦ ሕፃናትም በእርስዎ እጅ ይገባሉ?

አጎት፦ ዛሬ ሊነጋጋ ሲል ወደ ማዋለጃ ክፍል ተጠርቼ ነበር። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን፥ የአየር ከረጢቶቹን ከፍቶ የሚያቆየው ቅባት መሰል ነገር ገና ስላልተሟላለት፥ አየር ባስወጣ ቍጥር ሳንባው ይከደንበታል። የሕመሙ ምክንያት ይህ መሆኑን በ1959 ያሳየችው ሜሪ ኤለን ኤቨሪ የተባለች አሜሪካዊት ሐኪም ናት፤ ነገር ግን ምክንያቱን ማወቅና መድኃኒቱን ማግኘት አንድ አይደሉምና፥ በ1963 የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ በተወለደ በሁለት ቀኑ በዚሁ ሕመም ሞተ። አባቱ የታላቅ አገር መሪ ነበር፥ ልጁን ግን አንድ ሳምንት ሊያስተነፍሰው አልቻለም። ዛሬ ያ የጎደለው ነገር እንደ መድኃኒት ተዘጋጅቶ ያለ ጊዜው በተወለደው ሕፃን ሳንባ ውስጥ ይጨመራል፤ በአፍንጫውም ትንሽ ቱቦ አድርገን የመውጫውን ጫፍ በውኃ ጠርሙስ ውስጥ እንነክረዋለን። ቱቦው አምስት ሳንቲ ሜትር ቢጠልቅ፥ ያ የውኃ ጥልቀት የሕፃኑ ሳንባ ጨርሶ እንዳይከደን የሚደግፍ ግፊት ይሆናል። ውኃው ቡልቅ ቡልቅ ሲል ከእጄ መዳፍ እምብዛም የማይበልጠው ደረት ይረጋል፤ ያን አረፋ ቆሜ ስሰማ ሌሊቱ አይረዝምብኝም።

ወጣት፦ እንግዲያው የሚያድነው መሣሪያው ነው ማለት ነው።

አጎት፦ አይደለም፥ ልጄ። መሣሪያ ሳንባን አይፈውስም። በክረምት የሞላ ወንዝ ሰው እንደሚያሻግር ዋናተኛ ነው፤ ተሸክሞ ያሻግርሻል እንጂ መንገድሽን አይሄድልሽም። ይህም የታወቀው በብዙ መከራ ነው። በ1928 በቦስተን ከተማ ፊሊፕ ድሪንከርና ሉዊ አጋሲ ሾው፥ ልምሻ ይዟት ትንፋሿ የቆመ የስምንት ዓመት ልጅ፥ ከአንገቷ በታች ያለውን ገላዋን በብረት ሣጥን ውስጥ ከተው፥ በሣጥኑ ውስጥ ያለውን አየር እየሳቡና እየመለሱ አስተነፈሷት፤ ልጅቱ ቆይታ በሳንባ ምች ብትሞትም፥ ያ የብረት ሳንባ ከዚያ በኋላ ብዙዎችን አሻገረ።

ከዚህ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን በ1952 በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን የሆነው ነገር ነው። በዚያ በጋ ልምሻ ከተማይቱን መታት፤ በብሌግዳም ሆስፒታል ትንፋሻቸው ከተያዘባቸው ከመጀመሪያዎቹ 31 በሽተኞች 27ቱ ሞቱ፤ ሆስፒታሉ የነበረው የብረት ሳንባ አንድ ብቻ ነበር። የዚያን ጊዜ ብዮርን ኢብሰን የተባለ የሰመመን ሐኪም፥ በመሞት ላይ የነበረች የ12 ዓመት ልጅ አንገቷ ላይ የአየር ቧንቧዋን አስበስቶ ቱቦ አስገባና፥ የላስቲክ ከረጢት በእጁ እየጨመቀ አስተነፈሳት፥ ልጅቱም ተረፈች። ከዚያ በኋላ 1,500 ያህል የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ተጠርተው፥ በፈረቃ እየተተካኩ፥ ቀንና ሌሊት፥ ወር ከወር፥ ከረጢቱን በእጃቸው ሲጨምቁ ከረሙ፤ በአንድ ጊዜ እስከ 70 የሚደርሱ ሰዎች በተማሪ እጅ የሚተነፍሱበት ቀንም ነበር። የሞቱ ቍጥር ከግማሽ በታች ወረደ፤ ዛሬ የጽኑ ሕሙማን ክፍል የምንለውም ከዚያ መከራ ተወለደ። ተማሪው በአልጋው ራስጌ ተቀምጦ፥ ሕፃኑ ዐይን ዐይኑን እያየው፥ «አሁን ልጭመቅ? አሁን ልተውህ?» በሚል ዐይነት ትንፋሹን ከትንፋሹ ጋር ያስማማ ነበር። የሙያችን መጽሐፍ እርሱ ነው፤ መሣሪያው የመጣው እጁን ለመተካት ነው፥ ዐይኑን ግን አልተካውም።

ወጣት፦ መሣሪያው ከእጅ የበለጠ ኀይል አለውና፥ ከመጠን በላይ ቢሰጥስ?

አጎት፦ ያንንም ሰው በሞቱ አስተማረን። የታመመ ሳንባ ብዙ አየር ይሻል ብለን ብዙ እንሰጥ ነበር። በ2000 የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ምርምር፥ ሳንባቸው በጽኑ የተጎዳ 861 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ፥ ለአንደኛው ወገን በየትንፋሹ ለአንድ ኪሎ 12 ሚሊ ሊትር፥ ለሁለተኛው 6 ሚሊ ሊትር ብቻ ሰጠ። ብዙ ከተሰጣቸው ከ100 ሰው 40 ያህል ሲሞቱ፥ ጥቂት ከተሰጣቸው የሞቱት 31 ናቸው። ኪሎውም በሚዛን የሚታየው አይደለም፤ ሰው ሲወፍር ሳንባው አብሮት አይወፍርምና በቁመት ይሰላል። ስለዚህ አዲስ በሽተኛ ሲገባ፥ ሌላው ሁሉ ሲራወጥ፥ እኔ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዤ ከራሱ እስከ እግሩ ስለካው ታዪኛለሽ።

የራሴንም በደል ልንገርሽ። በጀመርሁ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሰው ከመሣሪያው ጋር ይታገል ነበር፤ ማንቂያው ይጮኻል፥ እኔም ጩኸቱን ዝም ለማሰኘት ቍጥሩን መላልሼ እቀያይራለሁ። ያቺ አሮጊት መጡና እጃቸውን በደረቱ ላይ አኑረው፥ ዐይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ቆዩ። «ይህ ሰው ራሱ ለመተንፈስ ይጀምራል፥ መሣሪያህ ግን አይሰማውም፤ ዘግይቶ ይመጣበታል» አሉኝና አንዲት ቍጥር ብቻ ዝቅ አደረጉ። ሰውየው ጸጥ አለ። በሽተኛው ያስቸገረኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አደራውን መልስልኝ እያለኝ ኖሯል። ከዚያ ቀን ወዲህ እጄን ከደረት ላይ ሳላሳርፍ ቍጥር አልነካም።

አሁን በየጠዋቱ፥ ሐኪሙና ነርሷ የእንቅልፍ መድኃኒቱን ሲያቀሉለት፥ እኔ መሣሪያውን ዝቅ አድርጌ ለግማሽ ሰዓት ያህል ራሱ እንዲተነፍስ እተወዋለሁ፤ ከቻለ ቱቦው ይወጣል፥ ካልቻለ ነገ እንደ ገና እንሞክራለን። ሳያስፈልግ በመሣሪያ የምትጨመር እያንዳንዷ ቀን የመተንፈሻውን ጡንቻ ታሰንፋለች፥ ለሳንባ ምችም በር ትከፍታለች። የሰው አደራ በጊዜው የማይመልስ ሰው ባገራችን ምን ይባላል?

ወጣት፦ አደራ በላ።

አጎት፦ አዎን፤ ያ ስም እንዳይደርስብኝ ነው በየጠዋቱ የምሞክረው።

ወጣት፦ ጣት ላይ የሚሰካው መለኪያ እያለ፥ እጅና ዐይን ይህን ያህል ያስፈልጋሉ?

አጎት፦ መለኪያው መልካም ነው። ታኩኦ አዮያጊ የተባለ ጃፓናዊ መሐንዲስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባያስብበት ኖሮ፥ በደም ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ለማወቅ በየጊዜው ከደም ቅዳ ላይ ደም መቅዳት ግድ ይሆን ነበር። ነገር ግን ብርሃኑ በቆዳ ውስጥ ስለሚያልፍ የቆዳው ጥቍረት ያሳስተዋል። በ2020 መጨረሻ የታተመ የሚሺገን ሐኪሞች ጥናት፥ መለኪያው ደኅና ነው እያለ ደሙ ግን ኦክሲጅን ያጣበት አጋጣሚ፥ በጥቍሮች ላይ በነጮች ላይ ከሚታየው ሦስት እጥፍ ያህል እንደ ነበረ አሳየ። እንግዲህ እኔና አንቺን የመሰለ ሰው በአልጋው ላይ ተኝቶ «ትንፋሽ አጠረኝ» ሲል፥ መለኪያው ግን 94 ሲል፥ ማንን ታምኛለሽ? በዚያ ክፍል ውስጥ ያን ነገር የሚያውቅ ሰው መገኘቱ የሞትና የሕይወት ጕዳይ ነው።

ወጣት፦ እሺ፤ ወደ ቅጹ ልመለስ። ትምህርቱስ?

አጎት፦ አጭሩ መንገድ ሁለት ዓመት ነው፥ አራት ዓመት የሚማሩም አሉ። አስቀድሞ የሰውነት ክፍሎችንና ሥራቸውን፥ ኬሚስትሪውን፥ ሒሳቡን ትወስጃለሽ፤ ከዚያ ብዙ ልፋትሽ በሆስፒታል ውስጥ በባለሙያ ሥር ነው። ስትጨርሺ የአገር አቀፉን ፈተና ትቀመጫለሽ፤ ውጤትሽ የመጀመሪያውን ማዕርግ ያሰጥሻል፥ የሁለተኛውን ፈተና ስታልፊ ደግሞ ከፍተኛውን ታገኛለሽ፤ ከአላስካ በቀር በሁሉም ግዛቶች የሥራ ፈቃድ ግዴታ ነው። እናትሽም አልተሳሳተችም። የነርስነት መንገድ ሰፊ ነው፥ ወደ ብዙ ክፍል ያስገባል፥ ደመወዙም በብዙ ስፍራ ከእኛ ይሻላል። የእኛ መንገድ ጠባብ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ታውቂያለሽ፥ ያንን ግን እስከ ሥሩ ታውቂዋለሽ። የትንሣኤ ሌሊት ሰው ሁሉ ጧፍ ይዞ ሲዘምር አንቺ መምጠጫ ይዘሽ ቆመሽ ትገኛለሽ። ያዳንሽውም ሰው መልክሽን አያውቀውም፤ አብረሽው የነበርሽው በሰመመን ላይ ሳለ ነውና፥ ሲነቃ የሚያመሰግነው ሌላውን ነው። ይህን ሳልነግርሽ ብቀር በድየሽ ነበር።

ወጣት፦ የሚያስፈራኝ ግን እርሱ አይደለም። የማይመለስ አደራስ ሲመጣ?

አጎት፦ (ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና) ቤተ ሰቡ ከሐኪሞች ጋር መክሮ፥ ተስፋው ማለቁን ዐውቆ፥ መሣሪያው ይነሣ ባለ ጊዜ፥ ቱቦውን የሚያወጣው እጅ የእኔ ነው። አንድ ጊዜ በዕድሜ የገፉ ያገራችን እናት ነበሩ። ቄሱ መጥተው ጸሎት አድርሰዋል፥ ልጆቻቸው አልጋውን ከበዋል። ትልቁ ልጅ በአማርኛ «አንተ ነህ የምታወጣው?» አለኝ። «አዎን፥ እኔ ነኝ» አልሁት። «እንኳን አንተ ሆንህ» ብሎ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። ፊታቸው ላይ ያለውን ፕላስተር በለብታ ውኃ እያራስሁ ቀስ አድርጌ ላጥሁት፥ ቆዳቸው ስስ ነበርና፤ አፋቸውን ጠረግሁ፥ የማንቂያውን ድምፅ አጠፋሁ፥ ቱቦውን አወጣሁ፥ ፊታቸውንም በፎጣ አበስሁ። ከብዙ ቀን በኋላ ልጆቻቸው ያለ ቱቦ መልካቸውን አዩት። እኔም አልወጣሁም፤ ጥግ ቆሜ፥ ትንፋሻቸው እየራቀ እየራቀ እስኪያበቃ ድረስ ከልጆቻቸው ጋር ቈጠርሁ። ሕመሙ ነው የወሰዳቸው፥ እጄ አይደለም፤ ይህን ግን በአእምሮ ማወቅና ማታ ቤት ገብቶ መተኛት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። የሚያጽናናኝ አንድ ነገር ነው፤ አደራ ለባለቤቱ ይመለሳል፥ ባለቤቱ መረከብ ሲሳነው ለመጀመሪያው ሰጪ ይመለሳል። በንጹሕ እጅ መመለስ የእኛ ድርሻ ነው።

ወጣት፦ ይህን ተምሬ ወደ አገሬ ብመለስስ ሥራ አለኝ?

አጎት፦ ሥራውማ ከሠራተኛው ይበዛል። ባገራችን ይህ ተግባር ለብቻው ሙያ ሆኖ ሥር አልሰደደምና፥ ሐኪሙ፥ የሰመመን ባለሙያውና ነርሱ ከሌላው ሸክማቸው ጋር ይሸከሙታል። በ2013 በጥቍር አንበሳ ሆስፒታል የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ልዩ ትምህርት ተጀምሮ ያገሩ ልጆች በዚያው እየሠለጠኑ ነው። በመጋቢት 2020 ኮቪድ ሲገባ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለዚያ በሽታ ተለየ፥ የሚሌኒየም አዳራሽም አልጋ ተዘርግቶበት ማከሚያ ሆነ፤ ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ፥ ቬንቲሌተር ቢገዛ እንኳ የሚያዳምጠው ሰው ከሌለ ብረት መሆኑን ተረዳ።

ደግሞም እዚያ የምትማሪው እዚህ የለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ያህል ናት፤ ኦክሲጅን እዚያም ከመቶ 21 እጅ ነው፥ ነገር ግን አየሩ ራሱ ስለሚሳሳ ግፊቱ እዚህ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አሥር ሰው በሚቀመጥበት አግዳሚ ሰባት ተኩል ሰው እንደ ተቀመጠ ቍጠሪው። እዚህ የሚያስደነግጥ የጣት መለኪያ ቍጥር እዚያ ለጤነኛ ሰው የዘወትር ቍጥሩ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ በጥቂት ኦክሲጅን የሚድን ሕመም ደግሞ እዚያ ብዙ ይጠይቃል። አያትሽን በስም ታውቂያቸዋለሽ፤ አንድ ቀን ሲጋራ በአፋቸው ሳይገባ፥ የእንጀራ ምጣዱን ጭስ ከሰባት ዓመታቸው ጀምረው ሲስቡ ኖረው፥ ኋላ ከመኝታ እስከ ደጃፍ ለመድረስ ሦስት ጊዜ ያርፉ ነበር። እኛ «እርጅና ነው» እንል ነበር። ሳንባቸው ነበር። ይህን ያወቅሁት እርሳቸው ካረፉ በኋላ እዚህ አገር መማሪያ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ስማር ነው፤ መምህሩ የሚናገረው ስለ ሌላ ሰው ነበር፥ እኔ ግን እማማ በራፉ ላይ ተደግፈው ሲተነፍሱ ይታዩኝ ነበር። ቅድም ያልሁሽ የሕፃናቱ የውኃ ጠርሙስም ውድ ዕቃ አይደለም፤ በዳካ ከተማ ሞሐመድ ጆባየር ቺስቲ የተባለ ሐኪም ባዶ የሻምፖ ጠርሙስ አጥቦ ብዙ ሕፃናት ረድቶበታል። የጎደለው ከአረፋው አጠገብ ቆሞ የሚያድር ሰው ነው።

ወጣት፦ እንግዲያው ልጻፈው?

አጎት፦ አትቸኵዪ። ሥራ በአሳዳጊ ምክር ብቻ አይመረጥም። አንድ ነገር አድርጊ፤ የተኛ ሰው አጠገብ ተቀመጪና፥ ስልክሽን አስቀምጠሽ፥ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቍጠሪ። ስታዪው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ደቂቃ ሙሉ የሌላ ሰውን ደረት ብቻ ማየት ለብዙ ሰው ይረዝማል። ከረዘመብሽ እናትሽን ስሚ፥ ነርስነትም የተባረከ ሥራ ነው። ደቂቃው ካለቀ በኋላ ዐይንሽን ማንሣት ካልፈለግሽ ግን፥ ያን ጊዜ መስመሯን ሙያት።

ይህን ብሎ ሁለተኛውን ቡና ሳይጨርስ ራሱን ወደ ሶፋው መደገፊያ ጣል አደረገ፤ የሌሊቱ ድካም ወዲያው ወሰደው። ሲኒዎቹ ተሰበሰቡ፥ ረከቦቱም ተነሣ፥ እኔም ለመሄድ ተነሣሁ። ልጅቱ ቅጹን አጠገቧ አኑራ፥ ስልኳን በፊቱ ደፍታ፥ የአጎቷን ደረት ታይ ነበር፤ ከንፈሯም በዝግታ ይንቀሳቀስ ነበር። በግድግዳው ሰዓት አንድ ደቂቃ አለፈ፥ ሁለተኛውም አለፈ፥ ሦስተኛውም ተጀመረ፤ ከንፈሯ ግን አሁንም ይቈጥር ነበርና፥ ደኅና ዋዪ ብዬ እንዳላቋርጣት በሩን በቀስታ ስቤ ወጣሁ።